በትከሻ ላይ የቀረች እጅ

በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በመካነ ብርሃን በአንድ ቤት አሮጌ የፎቶግራፍ አልበም ሲገለጥ፣ ከሠርጉ፣ ከክርስትናውና ከምርቃቱ ፎቶ መካከል ባለቤት የሌላት አንዲት እጅ አትጠፋም። ይህች እጅ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው በተቀመጡና ክራቫት አንገታቸውን ሰንጎ በያዛቸው አንድ ጎልማሳ ትከሻ ላይ አርፋለች፤ አራት ጣቶቿ ከነቀለበቷ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ከአንጓዋ በላይ ግን ወረቀቱ በመቀስ ተቆርጦ ስላለቀ ሴትየዋ ማን እንደነበረች ማወቅ አይቻልም። ጥያቄው የቀረበ እንደሆነ አባወራው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ እማወራዋ ቡናው ሁለተኛ መድረሱን ያስታውቃሉ፣ አልበሙም ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ትንሽነቱ ለመርሳት አላገዘም።

ከብዙ ሰዎች ፎቶ አንዱ ተቆርጦ ሲወጣ በሌላው ገላ ላይ የሚቀረው ክፍለ አካል፣ ለጥናት እንዲመች፣ ተረፈ እድ ሊባል ይችላል። ከመንስኤዎቹ ንጹሑ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ማለት ከደረት በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ፣ በመታወቂያና በቅጽ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፎቶ ሲሆን፣ ፎቶ ቤት ሩቅ፣ ገንዘብም ጥቂት በነበረበት ዘመን ከጋራው ፎቶ ላይ ፊትን ቆርጦ መስጠት እንደ ብልሃት ይታይ ነበር። ሁለተኛው ሐዘን ነው፤ የሟቿ ፊት ተቆርጦ፣ ከተማ ወርዶ፣ ጎልቶ ይታጠብና በለቅሶው ቤት ይቆማል። ሦስተኛው ፍቺ ነው። በፍቺ ጊዜ በሬውም መሬቱም በሽማግሌ ፊት ሲከፈል፣ ፎቶው ብቻ ያለ ሽማግሌ፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ በልብስ መቀስ ይከፈላል። ባሏን ቆርጣ የጣለች ሴትም አልታጣችም፤ ነገር ግን ትከሻው ሲሄድ በላዩ ያረፈችው እጅ አብራ ስለምትሄድ፣ በፎቶው ላይ አንድ እጅ ብቻ ይዛ ትቀራለች፤ ይህም ፍቺ ያለ ኪሳራ እንደማይጠናቀቅ የሚያስረዳ በቂ የሥዕል ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ እጇ መጀመሪያውኑ ትከሻው ላይ ምን ወሰዳት የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ መቀስን ብቻ መክሰስ አድልዎ ይሆናል። የቀድሞው ፎቶ ቤት ሀብት የታወቀ ነው፦ ፏፏቴ ወይም የቤተ መንግሥት ደረጃ የተሳለበት መጋረጃ፣ የላስቲክ አበባ፣ በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣ ለተነሺው ሁሉ ልክ ነው ተብሎ የሚታመን አንድ ኮትና አንድ ወንበር። በዚህ ወንበር ላይ ባል ይቀመጣል፤ ሌሊት ተነሥታ የፈጨች፣ ውኃ የቀዳች፣ እንጀራ የጋገረች፣ ከዚያም ገበያ የወረደች ሚስት ደግሞ ትቆማለች። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ሙያዊ ነው፤ ሴት ስትቆም የቀሚሱ ጥልፍ፣ ወገቧ ላይ የታሰረው መቀነት፣ አዲሱም ጫማ ሙሉ በሙሉ ይታያል ይላሉ። ማስተባበያው የማይናቅ ቢሆንም፣ የባልም ሱሪ አዲስ በሆነባቸው ፎቶዎች ወንበሩ ለምን ለሚስት እንዳልተለቀቀ አያስረዳም።

ወንበርን በተመለከተ ስሜን የራሱ ታሪክ አለው። መካነ ብርሃን ዋና ከተማው በሆነችለት በጃናሞራ ወረዳ የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የስሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እርሳቸው በጦርነት ድል ተነሥተው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የደፉት ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሆኑ። የተሸናፊው ልጅ ጥሩወርቅ ውቤ በኋላ የአሸናፊው ሚስት ሆነች። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ፣ በግንቦት 1860 ዓ.ም.፣ ወደ ሰሜን በሚያዘግመው የእንግሊዝ ጦር ጉዞ ላይ ሞታ በጨለቆት ተቀበረች፤ ሰባት ዓመት የሆነው ልጇ ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት በታዋቂዋ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀረበ፤ ሐዘን የተጫነው ፊቱ ዛሬም በየመጽሐፉ ይታያል። በአንጻሩ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ በብዙ እጅ በሚዞረው ፎቶግራፋቸው ላይ የሚታዩት ተቀምጠው ነው። ይነሡና ይቁሙ የሚል ፎቶ አንሺ በአካባቢው አልነበረም።

የቀሩት ሴቶች የሚታወቁት በስማቸው ሳይሆን በጌጣቸው ነው። ተመልካች ሹሩባውን፣ አንገት ላይ የተደረደረውን ንቅሳት፣ ድሪውን፣ ማለትም ከብር የተሠራውን የአንገት ጌጥ፣ አይቶ «የድሮ ሴት እንዴት ጨዋ ነበረች» ይላል፤ ይህንኑ ሲል ሚኒ ለብሳ ጸጉሯን አፍሮ ያደረገችውን አክስቱን በፍጥነት ያልፋታል። እዚህ ላይ መሳቅ ይከብዳል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ተማሪዎች የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ተመልካቾችንና ሴት ተማሪዎችን ሰደቡ፣ እንቁላልም ወረወሩ። የራሳቸው ኮትና ሱሪ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ የተገዛ ይመስል፣ ኢምፔሪያሊዝም የተገኘው በሴቶቹ ጉልበት ላይ ብቻ ነበር። ወንድ የፈረንጅ ልብስ ሲለብስ ሠለጠነ ይባላል፤ ሴት ስትለብስ አገር ትፈርሳለች። ይህ ድፍረት እንጂ የባህል ጥበቃ አይደለም፤ የወርዋሪዎቹን ወኔ ዛሬም በፈገግታ የሚያወሳ ሰው ካለ፣ እንቁላሉ ማን ላይ እንዳረፈ ቢጠየቅ ደግ ነው። በ1969 ዓ.ም. አሰሳ፣ ይኸውም በደርግ ዘመን በየቤቱ ይካሄድ የነበረው ፍተሻ፣ ሲመጣ ደግሞ ስንቱ አልበም ከመጻሕፍቱ ጋር ምድጃ ገባ፣ ስንቱም ፊት ከፎቶ ተቆርጦ ወጣ፤ ያን ጊዜ ግን መቀስ የያዘው እጅ በቁጣ ሳይሆን በፍርሃት ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ በእነዚያ ቆራጮች ላይ መፍረድ ይከብዳል።

ደግሞም ቆርጠው ያልጣሉ፣ የቆረጡትን በመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል ያስቀመጡ ቤቶች አሉ፤ ይህ ከቂም ይሁን ከናፍቆት መለየት የሚቻል አይመስልም። ሁለቱን ቁራጮች በፕላስተር መልሶ የማጣበቅ አሳብ ያላቸው አይመከሩም፤ ሙጫው በጊዜ ቡኒ ሆኖ ከመቀሱ የባሰ ጠባሳ ይተዋል። የጭስ ነገርም አለ፤ ባህር ዛፍ በሚነድበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ መስታወት ቢኖረውም ይጠቁራል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የታጠቡት የከለር ፎቶዎች ደግሞ ቀለማቸው እኩል ስለማይደበዝዝ ቀስ በቀስ ወደ ቀይ ያዘነብላሉ፤ በደንብ የታጠበው ጥቁርና ነጭ ይበልጣቸዋል። አያት ወይም አክስት በሕይወት ካሉ፣ በፎቶው ላይ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች ዛሬውኑ ይጠየቁ፤ ስሟም ከነአባቷ ስም በፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ ግን ይቅር፤ ቀለሙ ወደ ፊቷ ያልፋል።