በእንተ ውሻና ገመዱ

በሀገራችን ውሻና ገመድ የሚገናኙት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሌሊቱን ግቢ ሲዞር ያደረው ውሻ ሲነጋ ይታሰራል፣ ከራት በኋላም ይፈታል፤ ይህም ሥርዓት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ በመሆኑ፣ ገመድ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን መሄጃም ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ስለዚህ አንድ ዕድሜው የገፋ ሰውና አንድ ዕድሜው የገፋ ውሻ፣ በመካከላቸውም ሁለት ሜትር ያህል ገመድ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር ማለዳ ማለዳ ሲታዩ፣ ሕዝቡ ነገሩን እንደየልቡናው ተረጐመው። ከፊሉ ውሻውን ለገበያ የማወጣው መሰለው፤ ከፊሉ ሰው ነክሶ ወደ ሕግ የማቀርበው መሰለው፤ የቀሩት አስተዋዮች ግን፣ ውሻው እኔን ወደ አንድ ስፍራ እየወሰደኝ መሆኑን ወዲያው ተረዱ፤ ለእውነት የቀረበውም የእነዚህ ትርጓሜ ነበር።

ውሻው መቻል ይባላል። የቀድሞ እመቤቱ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ወደ ባሕር ማዶ ሲወስዷቸው ድስቱን ለእኅታቸው፣ ወንበሩን ለሰበካው፣ መቻልን ደግሞ፣ የጡረታ ሰው ሥራ ፈት ነው ከሚል ግምት ተነሥተው ይመስለኛል፣ ለእኔ ተናዘዙ። አባቱ የጀርመን ዘር፣ እናቱ የሰፈሩ ተወላጅ ናት ይባላል፤ እኔ እንደማየው ግን ከአባቱ የወረሰው ጆሮውን ብቻ ነው። ዐሥር ዓመት ያለፈውን ዕድሜውን ቀን ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ሌሊት በአርነት ፈጅቶ፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ዓለም ግን በአጥር ቀዳዳ ካልሆነ በቀር ሳያውቅ አርጅቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ወገቡንና የኋላ እግሮቹን ደባብሶ፣ መገጣጠሚያዎቹ በርሥአን ምክንያት መታመማቸውን፣ ውፍረቱም በሕመሙ ላይ ሸክም መሆኑን ከነገረኝ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ከመሄድ ይልቅ ጧትና ማታ ጥቂት ጥቂት እንዲራመድ አዘዘ። የገዛ ሐኪሜም ስለ ደም ግፊቴ ያዘዘልኝ ይህንኑ ስለ ነበር፣ አንዱን መድኃኒት ለሁለት ሕሙማን ማብቃቃት መልካም ቁጠባ ሆኖ ታየኝ።

ነገር ግን መቻል ከበሩ እንደ ወጣ አንገቱን አስግጎ፣ ጥፍሩን በአስፋልቱ ላይ እየቧጠጠ፣ እያቃሰተም ጭምር ወደ ፊት ይጐትት ጀመር። ሰዎች ያረጀ ውሻ አይማርም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያረጀ ውሻ እጅግ የተማረ ውሻ ነው እላለሁ፤ መከራው ያለው በተማረው ነገር ላይ ነው። ሰንሰለት አንገቱን ወደ ኋላ ሲይዘው ወደ ፊት መግፋት የፍጥረት ጠባይ ነው፤ በበረዶ ምድር ያሉ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ውሻን በማሰሪያ ጠፍረው ተንሸራታች ሠረገላ አስጐትተዋል። በዚያ ላይ መቻል ጐትቶ ወደ አንድ የመብራት ምሰሶ በደረሰ ቁጥር፣ የመጐተቱን ደመወዝ እዚያው ተቀብሏል ማለት ነው። ከዚህም የባሰው፣ አንድ ቀን ደመወዙን ከልክሎ በማግሥቱ መስጠት ነው፤ እንዲህ አልፎ አልፎ የሚከፈል ልማድ፣ ዘወትር ከሚከፈለው ይልቅ ሥር የሚሰድ መሆኑን የጠባይ መርማሪዎች በብዙ ፈተና አረጋግጠዋል።

ስለ ውሻ ጠባይ ሲነሣ ሩሲያዊውን ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። የቄስ ልጅ ነበር፤ በሪያዛን ከተማም የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ሥነ ፍጥረት ምርምር የተሻገረው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለውም ስለ ውሻ ጠባይ ሳይሆን ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው። ከውሾቹ አንዱ በመመርመሪያው መቆሚያ ላይ በታሰረ ጊዜ አልረጋ ብሎ፣ ሲቁነጠነጥና ለሃጩን ሲያዝረበርብ ቢያስቸግር፣ ሊቁ ጠባዩን የነጻነት ጠባይ ብሎ ሰየመው፤ ያረጋጋውም በዱላ አልነበረም፣ መብሉን ሁሉ በዚያው መቆሚያ ላይ ብቻ እንዲያገኝ በማድረግ እንጂ። ነጻነት በመብል ሲለወጥ ያየ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ባይሆንም፣ ጽፎ በማስቀመጡ ባለውለታችን ነው።

ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ ሻምበል ግን በዚህ ትምህርት አያምኑም። «ጌታዬ፣ ምልምልና ውሻ በአጭሩ ነው የሚያዝ፤ ብረት ሰንሰለት አግባለትና አንድ ጊዜ መንጭቀው፤ ሁለተኛ አይደግመውም» አሉኝ። ምክራቸውን በአክብሮት ሰማሁ፤ በአክብሮትም ተውኩት። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ አንገቱ በማሰሪያ የሚታነቅ ውሻ የትንፋሽ ቧንቧው ይጐዳል፤ ሲጐትትም በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል፣ ዓይኑ በእርጅና ለደከመ ውሻ ነገሩ ቀላል አይደለም። እንዲያውም ሽማግሌ ውሻ አልታዘዝ ሲል አስቀድሞ መጠርጠር የሚገባው እምቢታን ሳይሆን ሕመምን ነው፤ ምናልባት ወገቡ ይወጋው፣ ምናልባትም ጆሮው አይሰማ ይሆናልና። ስለዚህ መርካቶ ከሚሠሩት ቆዳ ሰፊዎች በአንዱ፣ በደረቱ ዙሪያ የሚያርፍ ሰፊ ማሰሪያ አሰፋሁለት፤ ቀለበቱም በደረቱ ፊት ለፊት ስለ ተተከለ፣ መቻል ወደ ፊት ሲጐትት ማሰሪያው ወደ ጎን አዙሮ ፊቱን ወደ እኔ ይመልሰዋል። ሻምበል ይህን ባዩ ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። የሰፈሩ ልጆች ግን «አባባ፣ ሰደርያ ለብሶ ሠርግ ነው የሚሄደው?» እያሉ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን።

የትምህርቱ ሥርዓት በአፍ ሲነገር አጭር ነው፤ ገመዱ ሲላላ እንሄዳለን፣ ሲወጠር እንቆማለን። መጀመሪያ አዲስ ሽታና አዲስ ድምፅ በሌለበት በግቢው ውስጥ፣ ቀጥሎ በበሩ ላይ፣ ከዚያም በጠባቡ መንገድ፣ መጨረሻም አህያና ሚኒባስ ባለበት በዋናው ጎዳና ይፈጸማል። በግራ ጉልበቴ አጠገብ ሲረጋ፣ እዚያው በጉልበቴ አጠገብ ቋንጣ ይቀበላል፤ ከፊት ሆኖ ከተቀበለ ከፊት መሆንን ይማራልና። ቋንጣው ጨውና በርበሬ ያልነካው መሆን አለበት፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ስለሚጐዳ ፈጽሞ አይጠጋውም። ስለዚህ በቤታችን ሁለት ዓይነት ቋንጣ ይሰቀላል፤ እንግዳ መጥቶ ከየትኛው ፍርፍር እንደ ተሠራለት ባለቤቴ ተጨንቃ የጠየቀችኝ ቀን አለ።

መከራው መቆሙ ላይ ነው። በዚህ ከተማ ሰው ለመሄድ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ለመቆም ግን ያስፈልገዋል። ገመዱ ተወጥሮ፣ መቻል እስኪመለስ ድረስ እጄን ከወገቤ ሳላነሣ፣ ቃልም ሳልናገር በመንገዱ ዳር ስቆም፣ መጀመሪያ የደረሰ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ረዳቱም አንገቱን አውጥቶ «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ! አባባ ይግቡ፤ ውሻው ግን አይገባም!» አለ። እርሱ ሲያልፍ አንዲት የጥበብ ነጋዴ የምሸጠው ነገር እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አንድ ወጣት ደግሞ ራሴን አዙሮኝ የቆምኩ መስሎት ክንዴን ይዞ በጥላ ሥር ሊያስቀምጠኝ ታገለ፤ ይህ ልጅ የተባረከ ነው፣ ነገር ግን ክንዴን በሳበ ጊዜ ገመዱ ስለ ላላ መቻል መሄድ የተፈቀደለት መስሎት ሦስታችንም ተያይዘን ተጓዝን። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት የሆነው ነው፤ እዚያ ስቆም አላፊ አግዳሚው ተሳላሚ መሰልኩት፤ ቆይታዬም ከተለመደው ስለ ረዘመ ትሩፋቴ ታወቀ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በአጠገቤ ቆሙ፤ ሁለት ሴቶችም ተከተሏቸው፤ መቻል ጐትቶ ጐትቶ ደክሞት ሲቀመጥ «ወይ ጉድ! እንስሳው እንኳ ገባው!» ሲሉ ሰማኋቸው። ገመዱ ላልቶ ስንነሣ እናትየዋ «በጸሎትዎ ያስቡኝ፣ አባቴ» አሉኝ። በእርግጥም አስቤአቸዋለሁ።

ስለ ማሽተት ሳልናገር ባልፍ መቻልን እበድለዋለሁ። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉት ሕዋሳት ስድስት ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በውሻ ዘንድ እንደየዘሩ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ ይባላል፤ ስለዚህ እኔ አንድ የዛገ ምሰሶ በማይበት ስፍራ መቻል የሚያየው መጽሐፍ ነው። አነባበቡም የመጻሕፍት መምህራንን ትርጓሜ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ከታች ያሸታል፣ አንድም የሥጋ ቤቱ ውሻ በዚህ አልፏል፤ ከፍ አድርጎ ያሸታል፣ አንድም ሌሊት ከእንጦጦ የወረደ ጅብ ቆሞበታል፤ ዞሮ ይመለስበታል፣ አንድም የሻምበል ውሻ ትናንት ከቤት አምልጧል። ይህን ንባብ መከልከል ጭካኔ ነው፤ ሞኝነትም ነው፣ ምክንያቱም ከቋንጣ የሚበልጥ ደመወዝ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ዐሥር ርምጃ ሳይጐትት ከሄደ «ሂድ» እለውና የሚቀጥለውን ምሰሶ እስኪጠግብ ያነባል። ለወጣት ውሻ መንገዱ ርቀት ነው፤ ለአዛውንቱ ግን ሽታ ነውና፣ ብዙ ምሰሶ ያለው አጭር መንገድ ወገቡን ሳያደክም አእምሮውን ያጠግበዋል።

ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የፈራሁት መሪጌታን ነበር። መሪጌታ በልጅነታቸው ቁራሽ ለምነው የተማሩ የቆሎ ተማሪ ናቸውና፣ በየደጁ የተነሡባቸውን ውሾች እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም፤ በቀኝ ባታቸው ላይ ያለውን ጠባሳም ዜማ እንዴት እንደ ተገዛ ለማስረዳት ያሳያሉ። መቻልን ባዩ ጊዜ መቋሚያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። እኔም ልባቸውን ለማለዘብ በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያን ተከትሎ የሄደውን ውሻ አነሣሁና፣ «የኔታ፣ ያ ውሻ በገመድ ነበር ወይስ ያለ ገመድ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «አብሯቸው የነበረው ሩፋኤል አይደለምን? መልአክ እየመራው ምን ገመድ ያሻዋል? አንተ ግን መልአክ አይደለህምና ገመዱን አጥብቀህ ያዝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን በየማለዳው ከደጃቸው ቆመው ትምህርቱን ይመረምሩ ጀመር፤ ጐልማሳ ሆኖ ወደ ዜማ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር ከሕፃናቱ ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚቀጽል፣ አንድ ጊዜ የያዘውን ግን እንደማይጥል ነገሩኝ። እኔም በመቻል ያየሁት ይህንኑ ነው። ቡችላ ቢሆን ወረቀት ሲበር ይከተል ነበር፤ መቻል ግን የሚበር ወረቀት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቶሎ ስለሚደክመውም ያሰበውን ነገር እስከ መጨረሻው ያስበዋል።

አሁን እስከ ቁስቋም በር ድረስ ገመዱ ላልቶ እንሄዳለን፤ ከአህዮች በቀር። አህያ ሲያይ ዐሥር ዓመት የተማረው ሁሉ ይመለስበታል፤ ስለዚህ ጭነት ሲመጣ ተሻግረን ከማዶ እናልፋለን፤ ይህንንም ሽንፈት ብዬ አልቈጥረውም።

የቀረው የጾሙ ጉዳይ ነበር። አንድ ረቡዕ መሪጌታ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው ካሸተቱ በኋላ «ኪስህ ፍስክ ነው» አሉኝ። ለውሻው መሆኑን ባስረዳም ልባቸው አላረፈም፤ የተቀቀለ ካሮት እንድሞክር መከሩኝ፤ ዓርብ ዕለትም ካሮት ቆርጬ በፊታቸው ሰጠሁት። መቻል ካሮቱን በጨዋ ደንብ ተቀበለ፤ በአፉ ውስጥ አገላበጠ፤ ከዚያም በመሪጌታ ጫማ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው። መሪጌታ ካሮቱን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ በርሥአን የደከመና በሕመም የተያዘ ከጾም ይፈታል፤ ስለዚህ ውሻው ቋንጣውን ይብላ ብለው ፈረዱ። እኔም ይህን ጊዜ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ዕድሜዬን፣ የደም ግፊቴንና ጉልበቴን ጠቅሼ ፍርዱ ለእኔም ይደርስ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኋቸው።

«ለአንተማ» አሉ መሪጌታ በመቋሚያቸው ወደ መሬት እያመለከቱ፣ «ካሮቱ አለልህ።»