የዓለም ሙዚቃ ዘጌ ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ1987 ሰኔ ወር፣ ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት የተሰበሰቡ የሙዚቃ አሳታሚዎች ዓለምን ለሁለት ከፈሏት። ጭንቀታቸው የሱቅ ጭንቀት ነበር፤ ከሴኔጋልም ከቡልጋሪያም የመጣውን ሸክላ ሻጩ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። «ወርልድ ሚውዚክ» የሚል መለያ ይለጠፍበት ተባለ፣ ለማስተዋወቂያው ገንዘብ ተዋጣ፣ ተበተኑ። በጌሾዋ የምትታወቀው የጣናዋ ዘጌ የመጠጥ ቤት ውሳኔ ሲነጋ ከሞቅታው ጋር እንደሚበርድ ጠንቅቃ ታውቃለች። የለንደኑ ግን በረደ የሚለው ጠፋ። የግራሚ ሰዎች በ2020 ቅኝ ግዛት ቅኝ ግዛት ይሸታል ብለው «ወርልድ»ን በ«ግሎባል» ቀየሩት፤ መደርደሪያው ያው ነው።

ከዚያ ስብሰባ አንድ ዓመት ቀድሞ የማሕሙድ አህመድ «ኤሬ መላ መላ» ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ዘፋኝ የሆነው ሰው እዚያ መደርደሪያ ላይ ከቡልጋሪያ ሴቶች መዘምራን ጋር ጎረቤት ሆኖ አረፈ። ዝምድናቸው ምንድን ነው ቢሉ፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ አለመዝፈናቸው!

ይኸው መለያ ዘጌም ገብቷል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ አንድ ቱሪስት የድንጋዩን ደወል ድምፅ በስልኩ እየቀዳ «ይህ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» ሲል አስጎብኚያችን ቅንጣት ሳያመነታ «ወርልድ ሚውዚክ!» አለው። አጠገባቸው የነበሩ አንድ መሪጌታ እንግሊዝኛ አለመስማታቸው በጀ። ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የቀመረውን ዜማ ሙዚቃ ማለት ራሱ ድፍረት በሆነበት ደጅ፣ ለምእመን ሰዓት የሚነግረው ደወል ከጭፈራ ጋር አንድ መደርደሪያ ሲጋራ ምን ይሉ ነበር?

በፈረንጅ ስንስቅ የራሳችንን እንዳንረሳ። ዶን ዊሊያምስም፣ አባም፣ ጃማይካዊው ቦብ ማርሊ ሳይቀር እኛ ዘንድ «የፈረንጅ ዘፈን» ናቸው። የራሷ ስፍራ ያላት ሱዳን ብቻ ናት፤ ከጣና የወጣ ዓባይ ወደ እሷ ይሄዳልና ጉርብትናው ይከበራል።

ዘጌ ያደረሰን ባለጀልባም በፍላሹ ይህንኑ ሥርዓት ጠብቋል፦ «መዝሙር»፣ «ጎጃም»፣ «ሱዳን»፣ «ፈረንጅ»። ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ከፈተልን። ቱሪስቱ «ወርልድ ሚውዚክ!» ብሎ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ባለጀልባው ግን ጅማ የተወለደውን የኢትዮ ጃዝ አባት ያስቀመጠው «ፈረንጅ» ውስጥ ነበር። ለምን ብለው፣

«ግጥም የለውማ!» አለኝ።