ድምፃዊ በጋዜጠኛ ፊት፦ ጥናታዊ ዳሰሳ

የዚህ ጥናት ዓላማ ድምፃዊያን ማይክ ሲደቀንባቸው የሚያሳዩትን ጠባይ መመርመር ነው። መረጃው የተሰበሰበው ታክሲ ውስጥ ከሚሰማ ኤፍ ኤም እና ከበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። በዓል የተመረጠው ድምፃዊ እንደ ልብ የሚገኝበት ወቅት ስለሆነ ነው፤ የአገር ልብስ ለብሶ፣ ቄጤማ በተጎዘጎዘበት፣ ከረከቦቱ አጠገብ ይታያል። በሌላው ጊዜ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ኮንሰርት ሲቃረብ ግን ራሱ ይደውላል፤ «ጠፋህ እኮ ወንድሜ!» ብሎም ይወቅሳል።

ጨዋታው «እስኪ ከልጅነትህ እንነሳ» ተብሎ ይከፈታል። ድምፃዊው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ ዕድሜው ገፋ ካለ ደግሞ በቀበሌ ኪነት መጀመሩን ይናገራል። ቤተሰብ ተቃውሟል። (ያልተቃወመ ቤተሰብ ለናሙና ቢፈለግ አልተገኘም።) ትዳርስ? «ፈጣሪ ሲፈቅድ።» አልበሙስ? «አልቋል፤ ማስተሪንግ ብቻ ነው የቀረው።» በዚህ መልስ ላይ ዓመታት የቆዩ አልበሞች ስላሉ ማስተሪንግ ከስቱዲዮ ሥራ ይልቅ ለዘመን አቆጣጠር የቀረበ ነው። እንባ ጠብ ካለች ደግሞ ቃለ ምልልሱ ተሳካ ማለት ነው፤ የዩቲዩቡ ርዕስ ተገኘ።

ዋናው ግኝት ግን ሌላ ነው፦ ጥያቄው ስለ ሰውየው ነው እንጂ ስለ ሥራው አይደለም። ማህሙድ አህመድ በልጅነቱ ሊስትሮ እንደነበር የማያውቅ አድማጭ የለም። «ኧረ መላ መላ»ን በ1975 እ.ኤ.አ. ሲጫወት ያጀበው አይቤክስ ባንድ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? የውጭውም ጋዜጠኛ ከእኛው አይሻልም። ሙላቱ አስታጥቄን ያገኘ እንደሆነ ሙዚቃው የተሰማበትን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጂም ጃርሙሽን ፊልም ሳያነሳ አይላቀቀውም፤ ሰውየው ኒው ዮርክ ላይ አልበም ያወጣው ግን በ1966 እ.ኤ.አ. ነው።

«ይህን ዜማ ከአምባሰል ይልቅ ለምን በባቲ ቅኝት ሠራኸው?» የሚል ጥያቄ በናሙናው ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ ድምፃዊው ሲጠየቅ የሚያሳየው መሰልቸት፣ በተለምዶ «ዝና አናቱ ላይ ወጣ» የሚባለው፣ በአብዛኛው የጤነኛ ሰው ምላሽ ነው። ያልተሰማ ሥራ ይዞ ስለ ሚስቱ መጠየቅ ማንን ያስደስታል? ለፍትሕ ሲባል፣ ጋዜጠኛውም አልበሙ የደረሰው ለቀረጻ ሲገባ በር ላይ ይሆናል።

እንግዲህ ጋዜጠኛ ሆይ፣ ልጅነቱን ለእናቱ ተውላትና ሁለተኛውን ዘፈን ሰምተህ ግባ።