«ቆፍጠን በል!» ለምትሉ

«ቆፍጠን በል እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» ይሉታል፣ ድንገተኛ ሽብር መጥቶበት ደረቱን ይዞ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው። ትንፋሽ ወንድና ሴት አይለይም፤ ዞር በሉና አየር ይግባለት።

«ፈሪ ስለሆነ ነዋ!» ላለኝ ደግሞ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ስለተጠናች ሴት ልንገረው። ተመራማሪዎቹ ስሟን ደብቀው ኤስ ኤም ይሏታል። ኡርባክ-ዊተ የሚባል ብርቅ በሽታ አሚግዳላዋን በግራም በቀኝም አጥፍቶባታል። አሚግዳላ በአንጎል ውስጥ ለውዝ የምታህል፣ አደጋ ስናይ ፍርሃትን የምታስነሳ ክፍል ናት። ሴትዮዋ እባብ እጇ ላይ ይዛ ቆዳውን ስትደባብስ ነበር፤ አስፈሪ ፊልም ቢያሳዩአትም ደንታ አልሰጣት። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ግን 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር በጭምብል አንዴ ቢያስተነፍሷት ተርበተበተች፣ እርዱኝ አለች። ይኸው በሽታ ያለባቸው መንትያ እህትማማቾችም እንደዚያው ሆኑ። አሚግዳላቸው ደህና ከሆነ 12 ሰዎች መሀል ግን የተሸበሩት 3 ብቻ ናቸው። እናም አሚግዳላ ሽብርን መግታትም ሥራዋ ሳይሆን አይቀርም። እባብ የማትፈራዋን አንድ ትንፋሽ ካሸበራት፣ ጎረቤትህን ፈሪ የምትለው በምን ሚዛን መዝነኸው ነው?

«አታስበው፣ በቃ!» እሱስ መቼ አስቦት? የፊተኛው የአንጎል ክፍል ነገሩን መርምሮ ሳይጨርስ አሚግዳላ መልእክቷን ልካለች። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፣ ልብ ትደልቃለች፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርድና የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። ሰውየው ግን የሚሞት ይመስለዋል። ታክሲ ውስጥ ሁለት ፌርማታ እየቀረው «ወራጅ አለ!» ብሎ በሩን ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ከኋላ «ጠጥቶ ነው እንዴ?» ይባላል። አልጠጣም፤ እጁን ይዛችሁ አውርዱት።

ሲወርድ ቀለል ይለዋል፤ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንጎል «ያተረፈኝ መውረዴ ነው» ብሎ ይመዘግባል፣ በማግስቱ ታክሲው ገና ከሩቅ ያስፈራዋል። መመለሻው ቀስ በቀስ፣ ቢቻል ከባለሙያ ጋር፣ እንደገና መሳፈር ነው። ያኔ ያ የፊተኛው የአንጎል ክፍል፣ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ የሚሉት፣ አዲስ ትምህርት ይይዛል፦ ተሳፈርኩ፣ አልሞትኩም። አዲሱ አሮጌውን ያሸንፈዋል እንጂ አይሰርዘውም። ስለዚህ ድኗል የተባለው ሰው ከወራት በኋላ ቢያገረሽበት «ይኸው፣ አልዳነም!» አትበሉ።

«ቡና ጠጣ፣ ይለቅሃል!» እንዲህ ያለ ሕመም ላለበት ሰው ካፌይን ሲበዛ ሽብሩን ሊቀሰቅስበት ይችላል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ቢተው አትቀየሙት።

«ጸበል ይሻለዋል።» ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይይ። ደረቱን ሲያመው ልቡ መመርመር አለበት። ልቡ ደህና ነው ተብሎ ሲመለስ ግን «ታዲያ ምንም የለብህማ!» የምትል አክስት አትጠፋም። እትዬ፣ አለበት! ሽብሩ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል፤ እስኪወርድ ከጎኑ ቁጭ ይበሉና ቀስ ብለው አብረውት ይተንፍሱ።