ቁጥርህን ይዘህ ወዴት?

በሌላው አገር ቁጥሩን እንደያዘ ኩባንያ ሊቀይር የተነሣ ደንበኛ፣ እንዳይሄድ ሽማግሌ ሊላክበት ምንም አይቀረው። ጅቡቲ ከተማ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ናት፤ ያለው የመንግሥቱ ጅቡቲ ቴሌኮም ብቻ ነው። አኩርፈህ ምኒልክ አደባባይ ላይ ሲምህን ነቅለህ ብትጥል፣ አዲሱንም የምትገዛው ከዚያው ነው፤ ቁጥሩም ያው በ77 ይጀምራል። አውሮፓንና እስያን የሚያገናኙ የባሕር ኬብሎች በደጃፏ ሲርመሰመሱ፣ ለነዋሪው የሚደርሰው አማራጭ አንድ ነው፦ ካርድ መሙላት።

አዲስ አበቤም አትሳቅ! ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ስንቱ ነው ባለሁለት ሲም ስልክ ይዞ በ09 ላይ 07 የደረበው? ቁጥር ይዞ መሄድ መብት የሚሆነው፣ መጀመሪያ መሄጃ ሲኖር ነው።