ፎቁ ላይ ያለው ኩሬ

የሕንጻችን ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። ውሃ ወደ መውረጃው እንዲሄድ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ወይም 2 ሳንቲም ሜትር ዘቅዘቅ ማለት ነበረበት፤ ሠሪዎቻችን ግን አድልዎ የማይወዱ ሰዎች ናቸውና ሁሉንም እኩል አደረጉት። ክረምት ሲገባ ሐይቅ ዳር ነን።

ውሃ እንዳያሰርግ የተነጠፈው ሜምብሬንም ታታሪ ነው። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በእሳት ለብልበው ለጠፉት፤ ታች የታፈነው እርጥበት ፀሐይ ሲመታው እንደ ድፎ ዳቦ ይነፋዋል። አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ 10 ሳንቲም ሜትር ያህል መደረብ ሲገባው 3 በቃው፤ ቁጠባ ማለት ይህ ነው። በዳር ግድግዳው ላይ ሽቅብ መታጠፍ የነበረበት ጫፍም በትሕትና ወለሉ ላይ ቀረ።

ነዋሪውም አልሰነፈም። መውረጃው በፌስታልና በቅጠል ቢደፈን፣ ዲሽ የተከለ ሁሉ በቡሎን አንድ አንድ ቀዳዳ አበረከተ። ውሃውም በእኛ ሳሎን በኩል እንዲያልፍ ተፈቀደለት። ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ ብቅ ሲል ጣሪያው በየቀኑ ያደርሳል፤ ያውም ያለ ቆጣሪ።

ኮሚቴው መፍትሔ አግኝቷል፦ በአሮጌው ላይ አዲስ ሜምብሬን ይነጠፋል፣ ዲሾቹም ተመልሰው ይተከላሉ። ባልዲ የሚገዛ ካለ ካሁኑ ይግዛ፤ ሰኔ ላይ ይወደዳል።