ጉዳዩ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ቆመ?

ሊኑክስ ተጭኖ አልቋል። ጫኚው «ፍላሹን ነቅለህ ኢንተር ተጫን» ብሎ በትሕትና አሰናብቷል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን የሚመጣው ያማረ ስክሪን ሳይሆን ጥቁር መደብ ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል ነጭ ጽሑፍና ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ ነው። ይህን ጊዜ አጠገብ ያለ ሰው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል፤ ምክሩም አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!» ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ዘገየ? ፎርማት። አልነሳ አለ? ይህማ ምን ጥያቄ አለው፣ ፎርማት። እኔ ግን ይህ ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ ፍርድ ነው እላለሁ። ምክንያቱም አልነሳም ያለ ማሽን የት እንደቆመ ይናገራል፤ የሚሰማው ነው ያጣው።

ኮምፒውተር ሲነሳ የሚሆነው ነገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እንደሚዞረው ነው። በመጀመሪያ እናት ቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ዩኢኤፍአይ፣ ዲስክ ፈልጎ ግረብ የተባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ይጠራል። ግረብ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ እና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ከርነሉ ዋናው ፓርቲሽን ከተከፈተለት በኋላ ሥራውን የቀሩትን አገልግሎቶች ለሚያስነሳው ለሲስተምዲ ያስረክባል። አንዱ ፈርሞ ካላሳለፈ ቀጣዩ ሥራ አይጀምርም። የእምቢታው ቃል ታዲያ እንደየጠረጴዛው ይለያያል። «የሚነሳ ዲስክ የለም» ከተባለ ፋይሉ ገና ከመዝገብ ቤት አልወጣም። «ግረብ ሬስኪው» ካለ ግረብ ተገኝቷል፣ ነገር ግን የራሱን ዕቃ አጥቷል። «ከርነል ፓኒክ» ብሎ ዋናውን የፋይል ሲስተም መክፈት አቃተኝ ካለ ግረብ ከርነሉን አስረክቧል ማለት ነው። «ኢመርጀንሲ ሞድ» ላይ ከደረሰማ ጉዳዩ ሊያልቅ የቀረው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤፍኤስታብ በተባለው ዝርዝር ላይ የሌለ ዲስክ ተመዝግቦ ይገኛል። «አንድ ፊርማ ጎድሏል» የተባለ ባለጉዳይ የጎደለችውን ፊርማ ያሳድዳል እንጂ ማመልከቻውን ቀዶ ከጥበቃው በር ጀምሮ እንደ አዲስ አይሰለፍም።

ግረብ ሬስኪውን ጠጋ ብለን እንየው። በድሮው የባዮስ አሠራር ማሽኑ መጀመሪያ የሚያነባት የዲስክ ክፍል 512 ባይት ብቻ ናት፤ ከእሷም ለማስነሻው ኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ይህ 148 ፊደል መሆኑ ነው፤ ሁለት አበሾች መንገድ ላይ ሲገናኙ ለሰላምታው እንኳ አይበቃቸውም። ስለዚህ ግረብ ተበታትኖ ይኖራል፦ ጥቂቱ እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ጥቂቱ ከፓርቲሽኖቹ በፊት ባለው ባዶ ቦታ፣ የቀረው «ቡት» በሚባለው ፎልደር ውስጥ። ጫኚው አዲሱን ግረብ በስሕተት ፍላሹ ላይ ከጻፈው፣ ዲስኩ ላይ የቀረው የድሮ ግረብ ይነቃና የተሰረዘ ፓርቲሽን ይፈልጋል፤ ሲያጣው ሬስኪው ብሎ ይቆማል። እዚያው ላይ «ኤልኤስ» ብሎ ቢጻፍለት የሚያያቸውን ዲስኮችና ፓርቲሽኖች ይዘረዝራል። «ቡት» ያለበት ተፈልጎ ሲነገረውና «ኖርማል» የሚባለው ሞጁል ሲጫንለት ብዙ ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ሜኑውን ያወጣል። ይህ ግን ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከገቡ በኋላ ግረብን በትክክለኛው ዲስክ ላይ እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

«ይህን ሁሉ ከምለፋ እንደገና ብጭነው አይፈጥንም?» የሚል አይጠፋም። ምንም ፋይል በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ፣ በተለይም መጀመሪያ የተሳሳተውን ምርጫ ለማረም ከሆነ፣ እሺ ይሁን። ችግሩ ከዲስኩ ውጭ ሲሆን ግን መቶ ጊዜ ቢጫን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ማይክሮሶፍት ያወጣው የደኅንነት ማሻሻያ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ያሉባቸውን ብዙ ማሽኖች ሊኑክስን እንዳያስነሱ ከልክሏቸው ነበር። ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያው መስመር ከግረብ በፊት የሚነሳው የሺም ፕሮግራም «ኤስባት» የተባለ መረጃ ማረጋገጫውን እንዳላለፈ፣ በሁለተኛው ደግሞ አንድ ነገር ክፉኛ እንደተበላሸ ተጽፎ ነበር። ሰው ሁሉ በሁለተኛው ደነገጠ፤ መልሱ ግን አንደኛው ላይ ነበር። ክልከላው የተመዘገበው እናት ቦርዱ ላይ ስለሆነ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አይፈውሰውም፤ እንዲያውም አሮጌ ሺም ያለበት የመጫኛ ፍላሽም አብሮ እምቢ ይላል። መፍትሔው የማስነሻውን ፊርማ የሚፈትሸውን ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶ መግባት፣ ሞክዩቲል በተባለው ፕሮግራም ያንን ክልከላ መሰረዝ፣ ከዚያም ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት ነበር።

«ዊንዶውስ እኮ ይህን ሁሉ አይጠይቀኝም» ማለትም ደርዝ ያለው ይመስላል። ግን ዊንዶውሱን ማን ጫነው? አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው ነው። ሊኑክስ ተጭኖበት የተሸጠ ላፕቶፕ የገዛ ሰውም ግረብ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

የሚከብደው ተቃውሞ «የኔውስ ምንም አይናገርም፣ ጨለማ ብቻ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ግን ለምሳሌ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ዝም የሚለው ዝም በል ስለተባለ ነው። ከርነሉን በሚጠራው መስመር ጫፍ ላይ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ መልእክቱን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። በሚነሳበት ጊዜ፣ በባዮስ ማሽን ሺፍትን፣ በዩኢኤፍአይ ኢስኬፕን በመጫን የግረብን ሜኑ ማስወጣት፣ «ኢ» ፊደልን ተጭኖ ሁለቱን ቃላት ማጥፋት፣ ማሽኑ የኤንቪዲያ ካርድ ካለው በምትካቸው «ኖሞድሴት» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ ኤፍ10ን መጫን ነው። ጽሑፉ ዓይን ከሚከተለው በላይ ስለሚሮጥ ስልክን አዘጋጅቶ መጠበቅና የቆመበትን የመጨረሻ መስመር ፎቶ ማንሳት ነው።